ሐጂራ ያልቆረጠችው ግራር

ወላሂ ምን እዋሻለሁ፣ ሐጂራን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር። ምን በድላኝ? ምንም። ባሏ ሞቶባት ከባቲ ስትመጣ ሁለት ልጆች፣ አንድ ጆንያና አንዲት ድስት ይዛ ነው አዋሽ የወረደችው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ያረፈችውም እኔው ቤት ነው። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት ሰፈሩ «ሐጂራ እንዲህ አለች፣ ሐጂራ እንዲያ አለች» ሆነ። አርባ ዓመት ፉል ቀቅዬ ሹፌር ሳበላ የኖርኩትን እኔን ሉባባን፣ «እማማ እንዴት አደሩ» ይሉኝና አልፈው እሷ በር ላይ ይቀመጣሉ።

ነገሩ የመጣው በማገዶ ነው። ድሮ ማገዶ የፈለገ ሰው ወንዝ ዳር ይወርድና ያገኘውን ይቆርጥ ነበር። ግራሩ አለቀ። በምትኩ ያ ፕሮሶፒስ የሚሉት መጤ እሾህ መሬቱን ወረሰው፤ የግጦሹን ሳር ይበላል፣ የመኪና ጎማ ይበሳል። ኋላ የአፋር ሽማግሌዎችና የከተማው ሰው ተቀምጠው ተመካከሩና የደን ማህበር አቋቋሙ። ሕጉ አጭር ነው። ግራር አይነካም። እሾሁን ግን ቀንህ ሲደርስ ቁረጥ፣ አክስል፣ አንድድ። ግራር የቆረጠ ከማህበሩ ይወጣል፣ ተራውንም ያጣል። ተራ ያጣ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚያነድ አላህ ይወቀው። በተለይ እንደ ሐጂራ ምግብ አብስሎ ሸጦ ልጅ የሚያሳድግ ሰው።

እሷ ደግሞ ብልህ ናት፣ አላህ ይማረኝ። የእሾሁን የከሰል ድቃቂ ከስኳር ፋብሪካው ዝቃጭ ከሞላሰስ ጋር አቡክታ፣ በእጇ እየጠፈጠፈች ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች። ከዚያ ራሷ በሠራቻት የጭቃ ምድጃ ውስጥ ሦስት ፍሬ ጣል ስታደርግ ድስቷ ይንተከተካል። ጭስ የለ፣ ጥላሸት የለ። እኔ ጓዳዬ ገብቼ ስወጣ ዓይኔ ሰው የሞተብኝ ይመስላል፤ እሷ ነጭ ሻሽ አስራ ታበስላለች። ነጭ!

አንድ ቀን ማህበሩ ሰበሰበን። ሰመራ ላይ ከየወረዳው የተውጣጡ ሴቶች ምድጃ የሚያሳዩበት ቀን አለና ከእኛ አንዲት ሴት ምረጡ ተባለ። እኔ በልቤ ከእኔ ሌላ ማን አለ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ለሐጂራ እጅ ሲወጣ አዳራሹ ደን ሆነ። ለእኔ ሦስት እጅ ወጣ፤ የራሴ፣ የልጅ ልጄ የሂያም፣ እና አንድ ራሱን ሲያክ የነበረ ሽማግሌ።

«እማዬ፣ ሦስትም ጥሩ ነው» አለችኝ ሂያም እየሳቀች።

«ዝም በይ፣ ያንቺም እጅ ዘግይቶ ነው የወጣው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንከን ፍለጋ ገባሁ። በሐጂራ አጥር በኩል ሳልፍ አንገቴ ይረዝማል። አንድ ከሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ሳጮልቅ ምን አየሁ? ጓሮዋ ውስጥ የግራር ቅርንጫፍ ከምራለች! እሾሁ ነጭ፣ ረጃጅም፣ የግራር መሆኑ አያጠራጥርም። አጠገቡ ደግሞ ከሰል የሞላ ማዳበሪያ ቆሟል። እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ከየት ይምጣ፣ ለምን ይሁን፣ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ምን ይሠራል? ደስ ብሎኝ እየተጣደፍኩ ቤቴ ገባሁ።

በነጋታው ግመል ነጂው አብዱናሲር ሻይ ሊጠጣ እኔ ጋ አረፈ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ የትኛው ሜዳ ሳር አለው። ዳጉ ይሉታል። አርባ ዓመት ጆሮዬን ቀስሬ ሰምቻለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ያን ቀን ከጓደኛው ጋር ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ እማማ? ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ምን ልበላችሁ፣ ደሜ ሞቀ። እኛ ወሎዎቹ በአጥር ላይ የምናወራው ወሬ ሌላ ነው። እኔ አንዲት ቅርንጫፍ ስል ጎረቤቴ ዛፍ ታደርገዋለች፣ እስከ ምሳ ጫካ ይሆናል፣ በሳምንቱ ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ዳጉውም እንዲያ መሰለኝ።

«ሐጂራ የምትባል ሴት ሦስት እርጥብ ግራር ቆርጣ አከሰለች» አልኩት።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«በሁለቱም!»

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

በአራተኛው ቀን ጅቡቲ የሚመላለሰው ሹፌር ካሣ ፉል ሊበላ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ይስቃል።

«እማማ ሉባባ፣ ዝነኛ ሆነዋል እኮ!»

«ምን አድርጌ?»

«ጅቡቲ መንገድ ላይ ዲቾቶ ጎማ ሳስለጥፍ ሁለት አፋሮች ሲያወሩ ስምዎን ሰማሁ። ረዳቴ አፋርኛ ይችላል፣ ምን ይላሉ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ሉባባ፣ አዋሽ ላይ ፉል የምትሸጥ አሮጊት፣ ሐጂራ ሦስት እርጥብ ግራር ቆርጣ አከሰለች፣ በሁለቱም ዓይኔ አየሁ ብላለች› ነው የሚሉት አለኝ።»

«ሦስት ነው ያሉት? አራት አላሉም?»

«ሦስት።»

«ሌላ አልጨመሩበትም?»

«ምንም። ‹በሁለቱም› ያሏትን እንኳ አልተዉም።»

መጀመሪያ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ስሜ ዲቾቶ ደረሰ! ቀጥሎ ነገሩ ገባኝ። ይሄ ወሬ አይሟሟም ማለት ነው። እንደ ወጣ ይሄዳል፣ ከነባለቤቱ።

ካሣ ፉሉን ሳይጨርስ ወሬው ሰመራ ደርሶ ተመልሶ ነበር። ከሰመራ ለማህበሩ ተደወለ፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ሐጂራ ምድጃዋን ይዛ እንዳትመጣ ተባለ። ማህበሩም ‹በዓይኔ አየሁ› ያለ ሰው ካለ ሕጉ ነውና እስኪጣራ ተራዋን አገደ፣ ከሰሏንም ወሰደ። ሁለት ቀን በሯ ላይ ድስት አልተጣደም። ሹፌሮቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ወንበር አጠረኝ። የተመኘሁት ሁሉ መጣ፣ እኔ ግን ፉሉን እየቀዳሁ ዓይኔ ወደ ሐጂራ በር ነው።

በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። ትጮሃለች ብዬ ጭልፋዬን ጨብጬ ጠበቅኩ።

«እማማ፣ አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ልትሰድቢኝ ነው የመጣሽ?»

«ከሰል ልበደርዎ ነው። ልጆቹ ያልበሰለ ነገር አይበሉም።»

«ከእኔ? ያልኩትን አልሰማሽም?»

«አገር ሰምቷል እኔ አልሰማ?» አለችና ቁጭ አለች። «ከባድ ነገር አልጠይቅዎትም። ነገ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ያዩትን ብቻ ይናገሩ። ማህበሩ ካስወጣኝ ወደ ባቲ ልመለስ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።»

ከሰል ሰጠኋት። ቀና ብላ አመሰገነችኝ። ምን ዓይነት ሴት ናት! ብትሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ወንዝ ዳር ተቀመጥን። ደኑን የሚያውቀው ሽማግሌው ሁመድ ነው፣ የማህበሩ ሊቀመንበር። እኔ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጉቶውን አሳይኝ።»

«የቱን ጉቶ?»

«ዛፍ ከተቆረጠ ጉቶ ይቀራል። ሦስት ከሆነ ሦስት ጉቶ። ተነሺ፣ ምሪን።»

ይሄን አላሰብኩትም። እዚህ ማህበር ሰው የሚከሰሰው በአፍ አይደለም፣ በጉቶ ነው። ተነሳሁ፣ ምን ምርጫ አለኝ? እኔ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ኋላዬ፣ ሐጂራ ደግሞ ውሃ በጀሪካን ይዛ ከሁሉም ኋላ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቀሚሴን እሾሁ እየጎተተው በማላውቀው ደን ውስጥ የሌለ ጉቶ ፍለጋ ገባሁ።

አንዱን ሳይ ጣቴን ቀሰርኩ። «ያውልህ!»

«ይሄንን ወንዙ ነው የጣለው፣ ጎርፉ የበረታ ዓመት» አለ ሁመድ።

ትንሽ ሄድን። «ይሄስ?»

«ማህበሩ ሳይቋቋም የተቆረጠ። አፉን እይው፣ አርጅቷል። አጠገቡ አዲስ በቅሏል።»

ሦስተኛውን ሳሳየው ተቀምጦ ሳቀ። «ይሄ ምስጥ የሠራው ኩይሳ ነው፣ አንቺ ሴት።»

ሽማግሌዎቹ ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። መሬት ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐጂራ መጥታ ውሃ ቀዳችልኝ። ውሃዋ እንኳ ቀዝቃዛ ነበር! ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናዋለች። እኔ አርባ ዓመት እዚህ በረሃ ኖሬ ለብ ያለ ውሃ ስጠጣ እሷ... እሱን እያሰብኩ ሁመድ አጎንብሶ ፊቴን አየው።

«በጓሮዋ ያየሽው ቅርንጫፍ ደረቅ ነው። ወድቆ ያገኘሁትን እኔው ነኝ የሰጠኋት፣ የተከለቻቸውን የግራር ችግኞች ፍየል እንዳይበላባት አጥር ትሠራበታለች። ከሰሉ የእሾሁ ነው፤ በተራዋ ቀን ስታከስል አብሬያት ነበርኩ። አሁን እንደገና ልጠይቅሽ። ስትቆርጥ አይተሻል?»

ሐጂራ ልጆቿን ይዛ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ታየችኝ። ሹፌሮቹም እኔ በር ላይ ሲደረደሩ ታዩኝ፣ ይሄም አልዋሽም፣ ታየኝ።

«አላየሁም» አልኩ። «ስትቆርጥ አላየሁም። ቀንቼ ነው።»

«በምን?»

«በምድጃዋ። በሻሿ። በሁሉ ነገሯ። አሁን ደግሞ በውሃዋ።»

የሐጂራ ተራ እዚያው ተመለሰላት። ለእኔ ቅጣት ጠበቅኩ፤ ፍየል ይጥሉብኛል ብዬ። ሁመድ ግን «ወሬው እስከ ሰመራ ሄዷል» አለ። «ያወጣው አፍ ነው የሚመልሰው። ሐጂራ ምድጃዋን ልታሳይ ሰመራ ስትሄድ አብረሽ ትሄጃለሽ፣ በየመንገዱ የሚጠይቅሽን ሁሉ አንቺው ትነግሪዋለሽ።»

እንደ ጓጓሁት ሰመራ ሄድኩላችሁ! ሚኒባስ ውስጥ እሷ ምድጃዋን አቅፋ፣ እኔ አጠገቧ። ገዋኔ ወርደን ተናገርኩ፣ «ዋሽቻለሁ፣ አልቆረጠችም።» ሚሌ ላይም ተናገርኩ። ስሜን ሲሰሙ «ያቺ ሉባባ?» ይላሉ።

ሰመራ አዳራሽ ሞልቶ ጠበቀን። ሐጂራ ምድጃዋን አስቀመጠች፣ ሦስት ጥፍጥፍ ጣለች፣ ሩዝ ጣደች። እንዲጨስ ጸለይኩ፣ አስተግፊሩላህ። አልጨሰም። ከየወረዳው የመጡት ሴቶች ከበቧት፣ ምድጃውን እየዳሰሱ ጠየቋት፣ መጨረሻ ላይ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ወጣሁ። በር ላይ አንድ የአፋር ሽማግሌ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሰላም ተባባልን።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ምላሴ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ሩዙ አረረ ልበለው? ምድጃው ተሰነጠቀ ልበለው? የምስጡ ኩይሳ ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

«የአዋሿ ሐጂራ ግራር አልቆረጠችም። እኔ ሉባባ ነኝ የዋሸሁት። ዛሬ በእሾህ ከሰል ሩዝ አበሰለች። አልጨሰም። ሰው ሁሉ አጨበጨበላት።»

«አንቺስ አጨበጨብሽ?»

«አላጨበጨብኩም።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀና በዲቾቶ መንገድ ጥላ ሥር ወደ ተቀመጠ ጓደኛው ሄደ። ሲያወሩ ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ። አንዲት ቃል እንደማይጨምር፣ አንዲትም እንደማያጎድል አውቃለሁ። እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ገላፊ ይሄዳል፣ ምን አደርገዋለሁ?

«እማማ!» አለች ሐጂራ በመስኮት ብቅ ብላ። «ሩዙ ሳይበርድ ይምጡ እንጂ!»

ገባሁና ቀመስኩ። ጨው ይጎድለው ይሆናል ብዬ ነበር። አልጎደለውም።