ለማንም በር አትክፈት

ወርቅአፈራሁ ሰው ካልመከረው ካልሲውን የማይቀይር ሰው ነው። አዲስ አበባ ሳለም የሚመክረው ጠፍቶ አያውቅም፤ ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ቤት ሲገዛ ደግሞ እግዜር አይቶለት ከጋሽ ጥላሁን ጋር በአጥር አገናኘው። ጋሽ ጥላሁን ቬጋስ የገቡት ግማሹ ከተማ ገና አሸዋ ሳለ ነው፤ እንዲህ የሚሉት ራሳቸው ናቸው እንጂ ሌላ ያየ የለም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ጋራዣቸውን ከፍቶ፣ በቁምጣ ተቀምጦ፣ አላፊ አግዳሚውን መምከር ሆኗል።

የመኪናው መሪ በፀሐይ ግሎ እጅ ሲያቃጥል "በድስት መያዣ ጓንት ይዘህ ንዳ" ያሉት እሳቸው ናቸው። ወርቅአፈራሁም ሰምቶ፣ አበባ ያለበትን የሚስቱን የድስት ጓንት በሁለት እጁ አጥልቆ ካዚኖ ድረስ ነዳ፤ የሥራ ባልደረቦቹ እስከ ዛሬ "ሼፍ" ነው የሚሉት። ጣሪያው ላይ እርግብ ሲያስቸግረው "የፕላስቲክ ጉጉት ትከል" አሉት። ተከለ። ሚስቱ አስካል "በገዛ ቤቴ አናት ላይ ጉጉት! ሟርተኛ!" ብላ ሳምንት አኮረፈች። እርግቦቹ ግን ጉጉቱን ወደዱት፤ ተራ እየገቡ አናቱ ላይ ይቀመጡበታል።

ታዲያ ለምን ይሰማቸዋል ትሉ ይሆናል። አንድ ጊዜ በእውነት ስላዳኑት ነው። መንገዱ ጥግ ያለው አድናን በር ለበር ለሚዞር አንድ የሶላር ፓኔል ሻጭ በሩን ከፍቶ፣ ሻይ አጠጥቶ፣ "ማዳመጥዎን ለማረጋገጥ ብቻ ነው" ሲለው ታብሌቱ ላይ በጣቱ ጫር አደረገ። ያቺ ጫር ያደረጋት ነገር የሃያ አምስት ዓመት ውል ሆና ተገኘች። ሻጩ ከእሱ ቤት ወጥቶ ወደ ወርቅአፈራሁ በር ሲያቀና ጋሽ ጥላሁን ከነቁምጣቸው ሮጠው መሐል ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃላቸው ለወርቅአፈራሁ ወንጌል ነው።

"ስማኝ ወርቄ" አሉት ያኔ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ። በርህ ላይ ካሜራ ግጠም። ለማንም በር አትክፈት። አሁን ደግሞ ብልጥ ሆነዋል፤ ሐበሻ ቀጥረው ነው የሚልኩት። ሱፍ ለብሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ 'ለበጎ ነገር ነው የመጣነው' ይልሃል። ያገሬ ሰው ነው ብለህ እንዳትሸነፍ!"

ወርቅአፈራሁ ካሜራውን በማግስቱ ገጠመ።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። እምነት ነርስ ናት፣ የራሷ አፓርትመንት አላት። ባለፈው ፋሲካ ፋኑኤል የሚባል ልጅ ይዛ ቤት መጣች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ዶሮ ሲበላ እንኳ አጥንቱን በሥርዓት ይደረድራል። ወርቅአፈራሁ እንከን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣበት፤ ሲያጣበት ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

"ልጄን የሚፈልግ ሽማግሌ ይላክ" አለ። "እኔ እናቷን ሳገባ ስንቴ ነው ሽማግሌ የተመለሰብኝ! ደግሞ ደውሎ የሚመጣ ሽማግሌ አልፈልግም፤ ቀጠሮ ለጥርስ ሐኪም ነው። ሽማግሌ ድንገት መጥቶ ደጄ ይቆማል፣ ይጠይቀኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። በቃ።"

እምነት ፋኑኤልን አየችው፤ ፋኑኤል ሰሃኑን አየ።

"እሺ አባዬ" አለች። "ላንተ ስንል እናደርገዋለን። ግን የላክናቸውን ሰዎች ካስቀየምክብኝ፣ ፕሮሚስ፣ ዳውንታውን ሄደን እዚያው መኪና ውስጥ ተቀምጠን ነው የምንጋባው። የጋብቻ ላይሰንሱን አውጥተናል።"

ወርቅአፈራሁ ክው አለ። መኪና ውስጥ መጋባት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ድሮ ሊሞዚን ሲነዳ ስንቱን ሰካራም ሙሽራ እዚያ መስኮት አድርሷል! መኪናህን ታሰልፋለህ፣ መስኮቷ ጋ ስትደርስ ትጋባለህ፣ ከኋላህ ያለው ክላክስ ሲያደርግብህ ትወጣለህ። በርገር የሚሸጡበት መስኮት እንኳ "ኬቻፕ ልጨምር ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። አንድ ልጁን በዚያ መስኮት ስትዳር በሐሳቡ እያያት እንቅልፍ አጣ። ሰውዬው በዚህ አገር የተረፈው ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ሰው ደጁ ቆሞ "ልጅዎን ይስጡን" ብሎ እንዲጠይቀው። ካዚኖ ውስጥ የሚያዘው ሞልቷል፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

እናም በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አስካል ሆቴል ሥራ ገብታ፣ እሱ የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ እንቅልፉን ሲለጥጥ ስልኩ ጮኸ። ዓይኑን እያሻሸ በስልኩ የበሩን ካሜራ ቼክ አደረገ። ሦስት ሐበሾች፣ ጥቁር ሱፍ ከነከረባቱ፣ በዚያ በሚጠብስ ፀሐይ። ካሜራው ቅርብ ያለውን ስለሚያገዝፍ የመካከለኛው ሰውዬ አፍንጫ የስክሪኑን ግማሽ ይዞታል።

እናንተማ ማን እንደሆኑ ገብቷችኋል። እሱ አልገባውም። የፋኑኤልን ዘመዶች አይቶ አያውቅም፤ በዚያ ላይ ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመክሯል።

ባለ አፍንጫው ሰውዬ አቶ ገብረጻድቅ ይባላሉ። አንቴም በሚባለው ሰፈር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ እዚያ ሄንደርሰን ኮረብታ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ስንቱን የተጣላ ባልና ሚስት ያስታረቁ የተከበሩ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለተዘጋው በር እጅ ነሡ።

"ጤና ይስጥልን ጌታዬ። ለበጎ ነገር ነው የመጣነው። ቢከፍቱልንና ገባ ብለን ብንነጋገር?"

"አንፈልግም!" አለ ወርቅአፈራሁ አልጋው ላይ እንደተጋደመ፣ በስፒከሩ። "አንፈልግም አልኩ! ሂዱ!"

ሦስቱ ተያዩ። ፈገግ አሉ። ደግመው እጅ ነሥተው ሄዱ።

ኋላ እንደተሰማው አቶ ገብረጻድቅ መኪና ውስጥ ሲገቡ በደስታ እጃቸውን እያፋተጉ ነበር። "አባት ማለት ይኼ ነው!" አሉ። "ዛሬ ዛሬ ገና በመጀመሪያው ቀን 'ግቡ፣ ውሰዷት' የሚለው ሞልቶ፣ ይኼ ሰውዬ እንደ ደንቡ መለሰን። በር እንኳ አልከፈተም! እንዲህ ያለ ወግ አጥባቂ አገር ቤትም አላየሁ።" እምነትንም "ሙሽሪት በሽማግሌ ጉዳይ አትገባም፤ ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ" ብለው አስጠነቀቋት። እሷም አክብራ ዝም አለች። የሰው ልጅ ደንብ ሲያከብር እንዲህ ነው ጉድ የሚፈላው።

ወርቅአፈራሁን ግን ያ ፈገግታ ከነከነው። ሄዶ ለጋሽ ጥላሁን ነገራቸው።

"ሥልጠናቸው ነው" አሉ ጋሽ ጥላሁን ሳያመነቱ። "'እምቢ ሲሏችሁ ሳቁ' ተብለው ነው። ይመለሳሉ። ሲመጡ ደውልልኝ።"

ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው ሱፍ፣ በዚያው ከረባት።

"ሁለተኛ መምጣታችን ነው ጌታዬ" አሉ አቶ ገብረጻድቅ፣ ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ። "ዛሬ እሺ ሳይሉን ንቅንቅ አንልም።"

ወርቅአፈራሁ በአንድ እጁ ለጋሽ ጥላሁን ደወለ፣ በሌላው የካሜራውን ሳይረን ለቀቀው። ሰፈሩ ተናወጠ። እሱም ልቡ ሞላና በስፒከሩ ያወርደው ጀመር።

"በዚህ ሽበታችሁ አታፍሩም? በየሰው ደጃፍ እየዞራችሁ ሰው ስታታልሉ! ያንን ኮተታችሁን ሞኝ ቤት ፈልጋችሁ ውሰዱት! እኔ ቤት አይገባም!"

ኮተት የተባለው እንግዲህ በሽማግሌዎቹ ጆሮ ፋኑኤል ነው። ወዲያው ጋሽ ጥላሁን የቅጠል መንፊያ ማሽናቸውን አንግበው ከጋራዥ ብቅ አሉ። ቅጠል የሚባል ነገር እኮ የለም፤ ግቢው ሁሉ ጠጠር ነው፣ የሚነፋው አቧራ ነው። ሦስቱን ሽማግሌዎች ከአናት እስከ እግር ጥፍር አቧራ አልብሰው እስከ መኪናቸው ሸኟቸው። የአቶ ገብረጻድቅ ባርኔጣ በርሮ አድናን ግቢ ገባ። ጋሽ ጥላሁን ይኼ አልበቃ ብሏቸው ፎቶ አነሡና የሰፈሩ ሐበሾች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፉት፤ "ተጠንቀቁ! ሽማግሌ መስለው የሚዞሩ ሌቦች" ብለው።

"ጋሽ ጥላሁን፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!" አለ ወርቅአፈራሁ፣ ወጥቶ ቀዝቃዛ ቢራ እየከፈተላቸው።

ቢራው ሳያልቅ ስልኩ ጮኸ። አስካል ናት።

"አንተ ሰውዬ! ጤነኛ ነህ?" አለች፣ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እየጮኸች። "ግሩፑ ላይ ያለው ምንድነው? እኚህ አቧራ የለበሱት አቶ ገብረጻድቅ እኮ ናቸው! የነጽጌወይንን ትዳር የታደጉት! የፋኑኤል አጎት! ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ አንተ ከንቱ! ልጅህን ሊጠይቁህ መጥተው በማሽን አስነፋሃቸው!"

ወርቅአፈራሁ ጠጠሩ ላይ ዘጭ አለ። የሐምሌ ጠጠር ግን የሚቀመጡበት አይደለም፤ "እሪ!" ብሎ ብድግ አለ። ጋሽ ጥላሁን የቀረችውን ቢራ ጨለጡና "እንግዲህ ቀጠሮ መያዝ ነበረባቸው" አሉ።

ወዲያው እምነት ደወለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"ኢትስ ኦኬይ አባዬ" አለች። "ግን ነግሬህ ነበር። አሁን ወደ ዳውንታውን እየነዳን ነው። ማሚ በቪዲዮ ታየናለች።"

"እኔስ? እኔስ ልጄ?"

"አንተማ በር ዘጋህብን" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ወርቅአፈራሁ እንደለበሰው፣ በፒጃማ ሱሪና በካናቴራ፣ በነጠላ ጫማ መኪናው ውስጥ ገባ። ጋሽ ጥላሁን መስኮቱን ያዙት።

"በስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ እንዳትሄድ ወርቄ! ቅዳሜ ቻይናታውን ጋ አይታለፍም!"

"ጋሽ ጥላሁን፣ በፈጠረዎት፣ አሁንስ ዝም ይበሉ!"

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር እምቢ አለ። በስፕሪንግ ማውንቴን ሄደ። ቻይናታውን ጋ ሲደርስም ተቀረቀረ፤ ጋሽ ጥላሁን ለዚህችስ እውነታቸውን ነበር። የምግብ ቤቱ ሁሉ ፓርኪንግ ሞልቶ፣ መኪናው መኪና ላይ ተደርቦ፣ ሕዝቡ ሾርባ ለመብላት ተሰልፏል። ወርቅአፈራሁ ክላክሱን እየደበደበ፣ እየተሳደበ፣ እያለቀሰ፣ "ልጄን! ልጄን!" ይላል። ጎኑ ያለው ሾፌር ልጁ የታመመችበት መስሎት መንገድ ለቀቀለት።

ዳውንታውን ሲደርስ የፋኑኤል መኪና መስኮቷ ጋ ልትደርስ አንድ መኪና ቀርቷታል። የራሱን መኪና መግቢያው ላይ ጥሎ ሮጠ። ኋላ ወንበር ላይ አቶ ገብረጻድቅና ሁለቱ ሽማግሌዎች ከነአቧራቸው ተጠባብቀው ተቀምጠዋል። ልጅቷን ያለ ሰው አንሰዳትም ብለው ነው የመጡት። አስካል በስልክ ስክሪን ዳሽቦርዱ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች፤ ባሏን ስታየው ልቅሶዋን አቋርጣ "መጣ ደግሞ በካናቴራ!" አለች።

ወርቅአፈራሁ የኋላውን መስኮት አንኳኳ። አቶ ገብረጻድቅ ዝቅ አደረጉለት።

"አጥፍቻለሁ ጌታዬ" አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። "ምንም ሰበብ የለኝም። ሶላር ሻጮች መስላችሁኝ ነው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱን ሳቅ አመለጠው። አቶ ገብረጻድቅ ግን አልሳቁም። "እኛን አቧራ ቢያለብሱን እንታጠባለን፣ እንሄዳለን" አሉ። "ያለቀሰችው ልጅዎ ናት። እሷን ይለምኑ።"

ወደ ፊተኛው መስኮት ሄደ። "ልጄ፣ እንመለስ" አላት። "በሬን ነቅዬ እጥለዋለሁ። አገር ይምጣ። ደግሼ፣ ጮማ ቆርጬ..."

"አይ አባዬ። ዛሬ ነው" አለች እምነት። ዓይኗ ሞልቷል። "ከፈለግክ ግን እዚያው ቁም።"

ቆመ። መኪናዋ መስኮቷ ጋ ስትጠጋ እሱም አብሮ በእግሩ ተጠጋ። አስፋልቱ በነጠላ ጫማው በኩል ውስጥ እግሩን ይጠብሰዋል። መስኮቷ ውስጥ ያለችው፣ ፀጉሯን ሐምራዊ የተቀባች ሴትዮ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ታንደቀድቀዋለች፤ ወርቅአፈራሁ በዚያ ድንጋጤ ግማሹ አልገባውም። ከዚያ አቆመች። ቀና አለችና "ይህችን ሴት ለዚህ ሰው የሚሰጣት ማነው?" ብላ ጠየቀች።

አቶ ገብረጻድቅ አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡ።

"ጌታዬ" አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እርስዎን እኮ ነው የምትጠይቀው።"

ወርቅአፈራሁ ለዚህች ጥያቄ ልጁ ከተወለደች ጀምሮ ሲያዘጋጀው የኖረ ንግግር ነበረው፤ ከዘር ቆጠራ ተነሥቶ በምርቃት የሚያልቅ ረጅም ንግግር። አንዲት ቃል አልመጣችለትም። በሹክሹክታ "እኔ" አለ።

ሴትዮዋ አልሰማችውም። "ጮክ ይበሉ ሰር" አለችው።

"እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ፣ በአማርኛ። "አባቷ ነኝ! ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ ብያለሁ!"

ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች በሙሉ ክላክሳቸውን አምባረቁት፤ እምነትም በመስኮቱ እጇን አውጥታ ካናቴራውን ጨምድዳ ያዘች፤ ሴትዮዋ አንብባ እስክትጨርስም አልለቀቀችውም።