የወረቀቱ ጀርባ

ወንድሜ ከሞተ አራት ወር ሆነው። ፎቶ አንሺ ነበር፤ እኔ ደግሞ በስቱዲዮው የኋላ ክፍል ፎቶዎቹን የማትምለት ታናሽ እህቱ። ማተም ያስተማረኝ ሰው የለም። እያበላሸሁ ነው የለመድኩት፣ በዚያም እኮራ ነበር። ጋሼ የምለው ይኸው ወንድሜ ይህን ጠባዬን ስለሚያውቅ «እሜቴ አዋቂ» ይለኝ ነበር።

ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ከሃያ ዓመት ሥራው ሠላሳ ፎቶ መረጠ። ለልጁ በአንድ መድበል ሊተውላት ነው። ልጅቱ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

«ወረቀቱን አንቺ ምረጪ» አለኝ ከአልጋው። «ማማሩ ይቅር። አርጅታ መነጽር ስታደርግም ሳይለወጥ የሚቆያትን ፈልጊ።»

«እሱን ለእኔ ተወው፣ ጋሼ።»

ወረቀት ሻጩ ሽማግሌ ከንጹሕ ጥጥ የተሠራ ወረቀት አወጡልኝ። ወፍራም ነው፣ ነጭነቱ ደብዘዝ ያለ። «የዚህ ንጣቱ የራሱ ነው» አሉ። «ያ ዓይን የሚወጋው ነጭ ግን ማንጫ የገባበት ነው፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቢጫ ይሆንብሻል።» ከዚያ ጥቅሉን እያሰሩ «የሚታተምበትን ፊት ታውቂዋለሽ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።

ከኋላዬ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል።

«ምን ነካዎት አባባ፣ እንጀራዬ አይደል እንዴ!»

አላውቅም ነበር። እኔ የለመድኩት የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ነው፤ የሱ ፊት አይቶ የሚስተው የለም። የጥጡ ግን ሁለቱም ገጽ ለዓይኔ አንድ ነው። ዝም ብዬ ማተሚያው ላይ ደረደርኩት።

የመጀመሪያው ፎቶ በራሱ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣለው ፀጉር አስተካካይ ነበር። ጥቁሩ አመድ መስሎ ወጣ፤ የጢሙ ጠርዝ ሟሟ። ደገምኩ። ያው ነው። አምስት ሉክ አበላሸሁ። ገልብጦ መሞከር አልመጣልኝም። ተመልሼ ሽማግሌውን እንዳልጠይቅ ደግሞ ያ «እንጀራዬ» ያልኩት ቃል እግሬን ያዘው። ስለዚህ ከመደርደሪያው ያንን ዓይን የሚወጋ ነጭ ወረቀት አወረድኩና ሠላሳውንም አተምኩበት። እንዴት ያምራል!

ጋሼ ዓይኑ በጣም ደክሞ ነበር። የመጀመሪያውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ጥጡ ነው?»

«ጥጡ ነው።»

«እንዲህ ይለሰልሳል እንዴ?»

«ጥሩው እንደዚህ ነው።»

እርሳስ ጠየቀ። ሠላሳውን ለመፈረም ሁለት ቀን ፈጀበት። ሚስቱ ከሥሩ ሰሌዳ ትይዝለታለች፤ እኔ እያነሳሁ ሌላውን አስቀምጣለሁ። ሠላሳ ጊዜ መናገር እችል ነበር። መጨረሻ ላይ ራሱን ትራሱ ላይ ጥሎ «አበጀሽ፣ እሜቴ አዋቂ» አለኝ። ያን ጊዜ እየቀለደ አልነበረም።

ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ የተረፈውን የጥጥ ወረቀትና የተበላሹትን ይዤ፣ ልጣላ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። «የሸጡልኝ ቀለም አይቀበልም» አልኳቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን በምላሳቸው አርጥበው አንዱን ገጽ ነኩ፤ ምንም። ገለበጡና ሌላውን ነኩ፤ ጣታቸውን ያዝ፣ ለቀቅ አደረገ።

«ልጄ፣ በጀርባው ነው ያተምሽው። ቀለም የሚይዘው ፊቱ ይህ ነው።»

አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ በወደድኩ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው ግን እያደር ከበደ። ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ሠላሳውንም?»

«ሠላሳውንም፣ እትዬ።»

«ፊርማውስ?»

«እርሳስ አይለቅም።»

«እንግዲያው ፎቶው ይበላሽና ስሙ ይቀራል በዪኛ!» ያጠፈችውን ሸሚዝ ፈታ እንደገና አጠፈችው። «ድጋሚ አትሚው። ለልጅቱ ግን እኔ አልነግርልሽም። ራስሽ ንገሪያት።»

በትክክለኛው ፊት አተምኩት። የፀጉር አስተካካዩ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለቱን መድበሎች ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ልጅቱ ወንበር ላይ ወጥታ፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ስታይ ቆየች።

«አክስቴ፣ እዚህኛው ላይ የአባቢ ስም የለም።»

«የለም።»

«ለምን አልጻፈም?»

እናቷ ከበሩ ሥር ቆማለች። ሌላ መልስ ብፈልግ ኖሮ አይጠፋም ነበር፤ ልጅ ናት።

«ስለዋሸሁት። የሚቆየው ይህኛው ነው፤ ስሙን የጻፈው ግን በማይቆየው ላይ ነው። የሚቆየው ነው ብዬው።»

«አባቢ ተቆጣሽ?»

«አላወቀም።»

ልጅቱ ከወንበሩ ወረደች። ሁለቱንም መድበሎች ዘጋችና ደረቷ ላይ አቅፋ፣ አቅቷት እየተንገዳገደች ወደ መኝታ ክፍሏ ሄደች። ላግዛት እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።