ያልተጣራው መስመር

ያን ረቡዕ ጠዋት የንዚዮካን አፍ ምን ያዘው? ለዚህ እስካሁን መልስ ያገኘ የለም፤ እሱ ራሱም ቢሆን።

የሆነው ግን ይታወቃል። ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያ ሰባት ዓመት ከተማረበት ከጀርመን በሻንጣው ይዞት የመጣው እሱ ነው። ናይሮቢ፣ ሁሉም «ሙዜ» (ሽማግሌው) በሚሉት በጋቶጎ ጋራዥ ውስጥ፣ በመኪና ሽቦ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ላፕቶፕ ላይ ሞገድ አድርጎ ያሳየ ቀን መካኒኮቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ከበውት ነበር። አዊኖንም ያስተማራት እሱ ነው። ከኪሱሙ የመጣች፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የባሰ ፈጣን ሴት ናት። በሦስተኛው ወር ሾፌሮቹ ገና ከበር «ያቺ ልጅ ትይልኝ» ማለት ጀመሩ። ይህን በሰማ ቁጥር ይቀናል።

ይባስ ብሎ ሙዜ አዲሱን የምርመራ ክፍል ከሁለቱ ለአንዱ ሊሰጥ ነው። ንዚዮካ ያን ክፍል ካጣ፣ «ታዲያ ለምን ተመለስክ?» ለሚሉት ወንድሞቹ የሚመልሰው የለውም።

በዚህ መሀል የሾፌሩ የካማንዴ ሚኒባስ መጣ። እየሄደ ድንገት ሞተሩ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ንዚዮካ ግቢ ውስጥ አቁሞ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውን ሴንሰር ለካ። ሞገዱ ጥርት ያለ ነው።

«ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ነው የሞተው።»

«ቆሞማ ማን ጤነኛ ያልሆነ አለ?» አለች አዊኖ። ሽቦውን ሰካች፣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ካማንዴን በጎርባጣው መንገድ አንድ ሰዓት ሙሉ አስነድታ ሞገዱን ቀድታ ተመለሰች። «አገኘሁት!» አለች ገና ሳትወርድ። «የሴንሰሩ ሽቦ ነው።»

በዚያ ጋራዥ ግን አንድ ደንብ አለ፦ ሞገዱ በሻይ ሰዓት ለሁሉም ሳይታይ አንድ ብሎን አይፈታም። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ላፕቶፑ የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ማንዳዚ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ እየገመጠ ተጠጋ። አዊኖ የቀዳችውን የከፈተው ንዚዮካ ነው።

«የታለ?» አለ ሙዜ።

«አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ። እንደ መርፌ የቀጠኑ ጭረቶች ናቸው። ኢንጂነር፣ እስቲ አጉላው።»

አጎላው። መስመሩ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ለስልሷል።

«መርፌዋን መንገድ ላይ ጥለሻት ይሆናል» አለ አንዱ መካኒክ። ሳቁ።

ንዚዮካ ያኔ የማያ ገጹን ጥግ አየ። ማጣሪያው በርቷል። ትናንት አዊኖ ቀድታ ከተመለሰች በኋላ ለራሱ ሥራ አብርቶት የረሳው ነው፤ ሞገዱ ጽዱ ሲሆን ይወዳል፣ ትምህርት ቤት እንደዚያ ለምዷል። ማጣሪያው ቀጭን ቀጭኑን ሁሉ ከዓይን ይሰውራል። አንድ ጊዜ ቢነካው ይጠፋል። ጣቱ እዚያው አጠገብ ነበር።

አዊኖ እሱን እንጂ ማያ ገጹን አታይም። «ምን ይታይሃል፣ ኢንጂነር?»

«ያው የምታዪው ነው» አላት።

«ሙዜ፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«እኔም ዓይን አለኝ፣ ልጄ። ኮምፒውተሩ ይቀየር።»

ተቀየረ። ሚኒባሱ ሁለት ቀን ያለችግር ሄደ። ዓርብ ዕለት የክፍሉ ቁልፍ ለንዚዮካ ተሰጠ። አዊኖ መፍቻዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በሩ ላይ ቆመች።

«ማሽንህን ደህና አድርገህ ያዛት» አለችው። «የምትወደውን ብቻ ነው የምታሳይህ።» ሞምባሳ፣ አክስቷ ዘንድ ሄደች ተባለ።

ሰኞ ካማንዴ ሚኒባሱን እያስጎተተ መጣ።

«ያቺ ልጅ የታለች?»

«ሄዳለች።»

«ታዲያ ማን ያይልኛል?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተማ አይተኸው ነበር።»

ንዚዮካ ክፍሉን ከውስጥ ዘጋ። የእሷን ቅጂ ከፈተና ማጣሪያውን አጠፋ። ጭረቶቹ ሁሉም አሉ። ሦስቱ አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣ ከዚያ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሌላ፣ ሌላ። ወጥቶ ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። ብረት ላይ እየታሸ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ይታያል። ጠቅልሎ፣ ከብረቱ አርቆ አሰረው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም።

«እንዲህ ነው መማር!» አለ ሙዜ፣ ትከሻውን እየመታ። መካኒኮቹ አጨበጨቡ።

ንዚዮካ ቅናቱ አሁን ይለቀኛል ብሎ ነበር። እንዲያውም ባሰበት። እሷ ይህን ያገኘችው ላፕቶፑ ጉልበቷ ላይ እየዘለለ፣ ካማንዴ ጆሮዋ ስር እያወራ ነው። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የት እንደሚፈልግ ተነግሮት እንኳ አምስት ቀን ዘግይቷል። ጭብጨባው የእሷ ነው። ሙዜን ለመጥራት አፉን ከፈተ፤ ሙዜ ግን ሌላ ደንበኛ ይዞ እየሳቀ ወደ በሩ ሄዷል። ንዚዮካ አልተከተለውም።

የተጣራውንም ያልተጣራውንም ሞገድ ጎን ለጎን አድርጎ በስልኩ ፎቶ አነሳና ላከላት። ከሥሩ ጻፈ፦

«አዊኖ፣ ያልሽው ልክ ነበር። ማጣሪያው በርቶ ነበር። ያኔም አይቼዋለሁ። ለሙዜ ንገረው ካልሽኝ እነግረዋለሁ።»

ማንበቧን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። ስልኩን ዘይት በነካው እጁ እንደያዘ ቆመ። ከውጭ «ኢንጂነር! ኢንጂነር!» እያሉ ይጠሩታል፤ ሌላ መኪና ገብቷል። በዚያ ሳምንትም፣ ከዚያ ወዲህም፣ ከአዊኖ አንድ ቃል አልመጣም።