የዮርዲ የፊት ጎማ

ዘመድኩንን ጠላሁት። ምንም አላደረገኝም፤ እንዲያውም ደግ ሰው ነው። ግን ልጄ ዮርዲ ሞተር ከገዛች ወዲህ ከአፏ የማይጠፋው እሱ ብቻ ነው። ጋሼ ዘመድኩን እንዲህ አለኝ፣ ጋሼ ዘመድኩን እንዲህ አሳየኝ። አገር ቤት ባንክ ውስጥ ማህተም ሲመታ የኖረ ሰውዬ፣ እዚህ ሰው አገር መጥቶ ኢስት ዮርክ ጋራዥ ያለው ቤት ስለገዛና ዩቲዩብ ስላየ ባለሙያ ሆኖ አረፈው!

እኔ ግን አዲስ አበባ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጎሚስታ ነበርኩ። ያላወለቅኩት፣ ያልለጠፍኩት ጎማ የለም። ዮርዲ ይህን አታውቅም። ትንሽ ልጅ ሳለች አስተማሪዋ የአባትሽ ሥራ ምን ነበር ብትላት፣ አፍሬ "ኢንጂነር በያት" አልኳት። ለዚያች ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነን፤ እሷም ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት የፊት ጎማዋን ልትቀይር ስትወጣ "እኔም ልምጣ" አልኳት።

"ዩ ሹር፣ ዳዲ? ቦሪንግ ይሆንብሃል" አለችኝ።

ከቤታችን ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወደ ዘመድኩን ጋራዥ እሷ በሞተሯ፣ እኔ በአውቶቡስ ሄድን። ስደርስ አዲሱ ጎማ ቸርኬው ላይ ገብቷል። ዘመድኩን በመሃሉ ቀጭን ብረት ሰክቶ በሁለት ወንበሮች መካከል አንጠልጥሎታል።

"ቀስ ብለሽ አሽከርክሪው። ሲቆም የከበደው ጎን ወደ ታች ይመጣል። ይቺን የእርሳስ ክብደት ከላይ በኩል፣ ፊት ለፊቱ እንለጥፋለን።"

ዮርዲ ትንፋሿን ውጣ ታየዋለች። እኔን እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ደግሞ ባላንሱን አሳምሮ ሠራው። እኛ በዚያን ጊዜ የሞተር ጎማ ባላንስ አናደርግም ነበር፤ ይሄም አናደደኝ።

ገጥመው ሲጨርሱ ግን አየሁት። ጎማው ጎን ላይ ያለችው፣ የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ የምታሳየው ቀስት ወደ ኋላ ታመለክታለች። ገልብጦ አስገብቶታል። እንዲህ ያለ ጎማ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ አይታመንም።

ብናገር "በምን አወቅህ?" ሊመጣ ነው። ዝም ብል ደግሞ ነገ ሌላ ሰው አይቶ ይነግራታል፤ ዘመድኩን ያፍራል። እውነቱን ለመናገር፣ ማፈሩን ሳስበው ደስ አለኝ።

ዮርዲ ሄልሜቷን አጥልቃ ሞተሯ ላይ ወጣች። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል።

"ውረጂ!" ብዬ ጮህኩ። "ጎማው ተገልብጧል!"

ዘመድኩን ጎንበስ ብሎ ቀስቷን አየ። "ውይ! የእኔ ጥፋት ነው" አለ። መልሶ ሊያወልቀው ሲታገል የማውለቂያ ብረቱ ሁለቴ አመለጠው።

"አምጣ" አልኩት። ዙሪያውን ሳሙና ቀባሁ፣ በጉልበቴ ተጭኜ ሁለቱን ብረቶች ሰካሁና ሳብኩ። ወለቀ። አዙሬ አስገባሁት። ባላንሱን ግን ለዘመድኩን ሰጠሁት፤ በዚያ እሱ ይበልጠኛል።

"ዳዲ፣ ይሄን የት ተማርከው?"

"ጎጃም በረንዳ። ጎሚስታ ነበርኩ፣ ዮርዲ። ኢንጂነር ሆኜ አላውቅም።"

ሄልሜቷን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ኢንጂነሪንግ የገባሁት እኮ ባንተ ምክንያት ነው" አለች። "መስከረም ላይ ድሮፕ አደረግኩት። አሁን የሞተር ሜካኒክ ነው የምማረው። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ትንቃለህ ብዬ ፈርቼ አልነገርኩህም።"

ዘመድኩንን አየሁት። አንገቱን ደፋ።

"ንገሪው ብያት ነበር፣ ተክሌ" አለኝ።

ስምንት ወር ሙሉ እሱ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም ነበር። የምቆጣበት ሰው ፈለግኩ፤ ከራሴ በቀር አጣሁ።