መሀል ግንባሩን

ፎቶ አንሺው ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ገና ያልደረቁትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አጃኢብ ነው! አንተ ልጅ፣ ሰው አንሳ ብዬ ላኩህ እንጂ አነጣጥር አልኩህ እንዴ? እስቲ እየው፤ ሁሉንም መሀል ግንባሩን ብለኸዋል እኮ!»

ጸጋው አየ። እውነታቸውን ነው። ሆጤ ሰፈር ሄዶ ያነሳቸው ሰዎች በሙሉ፣ ሽንኩርት ሻጯም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ጋሪ ነጂውም፣ ግንባራቸው ከወረቀቱ እምብርት ላይ ተቀምጧል። ከራሳቸው በላይ ግማሹ ወረቀት ሰማይ ነው፤ ከወገባቸው በታች ደግሞ የሉም። ሌላ ጀማሪ ቢሆን ያፍር ነበር። እሱ አላፈረም፤ አልከፋውምም። ካሜራውን ዐይኑ ላይ ሲያደርግ እጁ የሚያውቀውን ሠራ፤ ክርኑን ሰበሰበ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ጣቱን ቀስ አድርጎ ጫነ። ለካ እጅ የለመደውን ቶሎ አይረሳም።

ጸጋው የቀድሞው ሠራዊት ወታደር ነበር። መንግሥት ከመለወጡ በፊት አንድ ጓደኛው «ሲወድቅ በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ መርዶውን አመጣ። እናቱ አረጋሽ ደረቷን ደቃች፤ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሳትን ትንሽ ፎቶ ለጋሽ ዘይኑ ሰጥታ አሳደገችና ለቀስተኛው ፊት አቆመችው። ኋላም ያላትን አሟጥጣ ተዝካሩን አወጣች። ካህናቱ በሉ፣ ዘመድ በላ፣ «ነፍስ ይማር» ተባለ። ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ ተበተነና ተዝካሩ የተበላው ሰው በገዛ እግሩ ደሴ ገባ። ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። እሱ ውኃ ጠይቆ ጠጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

ከዚያ ወዲያ ብላ ሲሉት ይበላል፤ ተነስ ሲሉት ይነሳል። የለቅሶው ፎቶ ግን ከአልጋው በላይ እንደተሰቀለ ቀረ። አንድ ቀን «እማዬ፣ ይሄን ለምን አታወርጂውም?» አላት።

«ልጄ ሲመጣ አወርደዋለሁ።»

«መጥቻለሁ እኮ።»

እናቱ ትክ ብላ አየችውና «አልመጣህም» አለችው።

በክፋት አልነበረም። እውነት ስለመሰላት ነው የተናገረችው። ሊያመው የሚገባ ነገር እንደሆነ ያውቃል፤ ግን አላመመውም፤ አለማመሙ ብቻ ትንሽ ከነከነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ያ ፎቶ ከግድግዳው ወርዶ ማየት ነበር። መፈለግ ከተባለ።

ጋሽ ዘይኑ ዘንድ ያመጣችውም እሷው ናት። «ፎቶውን ያሳደጉልኝ እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ደግሞ ባለቤቱን ሰው ያድርጉልኝ» ብላ ለመነች። እሳቸውም «አብሽሪ» አሏት። ተቀበሉት እንጂ ምን እንደተቀበሉ አላወቁም ነበር።

ያስተማሩት በመስኮት ነው። የስቱዲዮው መስኮት መስታወት ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ቁልቁል፣ ሁለት መስመር አግድም ሠርተው ከፊቱ አቆሙት። «ሰውየውን መሀለኛዋ ቤት ውስጥ አትጎልተው። መስመሮቹ የሚገናኙበት ጋ አስጠጋው። ወደ ቀኝ የሚያይ ከሆነ ቀኙን ልቀቅለት፤ ዐይኑ ወደሚያይበት ቦታ ተውለት፤ ሰው መተንፈሻ ይፈልጋል። ከኋላው ያለውን ደግሞ እይ፤ የመብራት ምሰሶ ከራሱ ላይ አታብቅልበት። ስትቆርጠው ደግሞ ከመገጣጠሚያው አትቁረጠው፤ ከጉልበቱ የተቆረጠ ሰው ዐይን ያስቀይማል።»

ጸጋው ከጉልበታቸው የተቆረጡ ሰዎች ያውቃል። አንዱን ተሸክሞታልም። «እሺ» አለ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አሉት ጋሽ ዘይኑ። «ስለዚህ ወረቀቱ ከመያዙ በፊት አስብ።»

መቼም ትምህርት በአንድ ቀን አይገባም። ምሰሶውን ከሰው ራስ ላይ ማውረድ ቻለ፤ እግርም አስገባ። ግንባሩ ግን እምቢ አለው። ቸኮል ሲል፣ ጣቱ ሊጫን ሲል፣ የሰውየው ግንባር ራሱን ችሎ እየተንሸራተተ መሀል ይገባበታል። ጋሽ ዘይኑ እየቀለዱም እየተቆጡም ታገሱት። በመጨረሻ ወገባቸው ይዟቸው ተኝተው ሳለ ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠሩ።

«አንተ ትወርዳለህ» አሉት። «ሰርግ አይደገምም ልጄ። ይሄን ካበላሸህ እኔም እዚህ ላቆይህ አልችልም፤ ወላሂ አልችልም።»

አለመቆየት ማለት ወደዚያ ግድግዳ መመለስ ማለት ነው። ጸጋው ካሜራውን አንግቦ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወረደ። ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ፊቱን ተቀበለው።

ሙሽራዋ እየሩስ የምትባል የዚያው የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሙሽራው አግማስ ረዘም ያለ፣ አዲሱ ሱፍ ትከሻው ላይ የሰፋው ሰውዬ ነው። ማን እንደሆነ ማንም ለጸጋው አልነገረውም፤ ከዳሱ ሳይገባ ግን ሰማው፤ ሚዜዎቹ «የኛ ታጋይ! ታጋይ አግማስ!» እያሉ ይጨፍራሉ። ከሰቆጣ በኩል፣ የጸጋውን ሠራዊት ይወጉ ከነበሩት ታጋዮች ጎን ተሰልፎ የመጣ፣ አሁን ኮምቦልቻ ቢሮ የተሰጠው ነው። ጸጋው ዳር ቆሞ ንዴቱን ጠበቀ። ጥላቻ ቢሆንም አንድ ነገር ይመጣል ብሎ እንደዘገየ አውቶቡስ ጠበቀው። አልመጣም። ካሜራው ውስጥ ፊልም ከተተ።

ሙሽሮቹን ቦርከና ወንዝ ዳር ወስዶ ዛፍ ጥላ ሥር አቆማቸው። ካሜራውን ዐይኑ ላይ አደረገ። የአግማስ ግንባር መጥቶ መሀል ቆመ። ክርኑ ተሰበሰበ፤ ትንፋሹ ቆመ። አንድ አፍታ እንዲያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ የጋሽ ዘይኑ ድምፅ መጣለት፤ ዐይኑ ወደሚያይበት ቦታ ተውለት። ትንፋሹን ለቀቀና ካሜራውን ወደ ወንዙ ዞር አደረገ። ግንባሩ ከመሀል ወጣ። አነሳ።

«ኧረ መሀል አድርጋቸው እንጂ! ጥግ ጥጉን ምንድን ነው?» አለ አንዱ ሚዜ።

«መሀል አይሆንም!» አለ ጸጋው።

ከሚገባው በላይ ጮሆ ነበርና ሚዜው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሙሽራው ግን ትክ ብሎ አየው። ሌሎቹ ሙሽራዋን አጅበው ወደ መኪናው ሲሄዱ ክራባቱን እያላላ ብቻውን መጣ።

«የት ነበርክ?» አለው።

«መቼ?»

«ትንፋሽህን ስትይዝ አይቼሃለሁ። እንዲያ ያለ ፎቶ አንሺ አላውቅም።»

ጸጋው ለመዋሸት እንኳ ልቡ አልተነሳም። «ሰሜን ነበርኩ። ወደ መጨረሻው ደግሞ እዚሁ፣ ከደሴ በላይ።»

«እኛም» አለ አግማስ። ወንዙን አየ፤ ጫማውን አየ። መቼም ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ኋላ እጁን ዘረጋ። «አንተን ደግሞ ማን ያነሳሃል? አምጣ፣ አንድ ላንሳህ።»

ጸጋው መጫኛውን አሳይቶ ካሜራውን ሰጠውና ዛፉ ሥር ቆመ። አግማስ ካሜራውን ዐይኑ ላይ አደረገ። ክርኑ ወደ ጎኑ ተሰበሰበ። ከአዲሱ ሱፍ ሥር ይነሳ ይወድቅ የነበረው ደረቱ ቀጥ አለ። ጸጋው ካሜራ መሆኑን ያውቃል፤ ገላው ግን አላወቀም። መሬት ሊይዝ ዳዳው። ቀጭ አለ። አግማስ ሳቅ ብሎ ካሜራውን ሲመልስለት ጸጋው በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። «አይዞህ» አለው ሙሽራው፤ ወደ ሙሽራዋም ሄደ።

የሰርጉ ፊልም ባለቀለም ነውና አዲስ አበባ ታጥቦ ሲመለስ ጋሽ ዘይኑ አልጋቸው ላይ ሆነው አዩት። አየሩ፣ ወንዙ፣ ጥላው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። «ማሻአላህ! ይሄን ያነሳው የኔ ተማሪ ነው?» አሉ። ቀጠሉ። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ሆነ። «ደግሞ አገረሸብህ! ይቺውልህ፣ መሀል ግንባሩን...» ብለው ሳይጨርሱ ፎቶዋን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። «አንተው ነህ እንዴ? ማን ነው ያነሳህ?»

«ሙሽራው።»

ጋሽ ዘይኑ ሙሽራው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ፎቶዋን እንደገና አዩ።

«እሱም ያነጣጥራል?» አሉ በመጨረሻ።

«እሱም» አለ ጸጋው።

«ላኢላሃ ኢለላህ» አሉና ፎቶዋን ሰጡት። «በል፣ ለእናትህ ውሰድላት።»

የተበላሸች ፎቶ ናት። ከላይ ቅርንጫፍና ሰማይ ብቻ፣ ከታች እግር የለ፤ ጸጋው ዐይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ተከፍቶ፣ ግንባሩ መሀል ላይ ቆሟል። እናቱ ምስር ትለቅም ነበር። ፎቶዋን ተቀብላ ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወጣች። ቆየች።

«እንዲህ የፈራኸው ምን አይተህ ነው?» አለችው።

«ምንም» ሊላት ነበር። አፉ ግን ሌላ አወጣ። «እሞታለሁ ብዬ ነው የፈራሁት፣ እማዬ» አለ፤ ድምፁም ተሰበረ።

አረጋሽ ከበሩ ተመልሳ ገባች። ነጠላዋን አጣፍታ አልጋው ላይ ወጣች። የለቅሶውን ፎቶ ከምስማሩ አውርዳ ፊቱን ወደ ታች አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ወርዳ መጣችና፣ ገና ያን ጊዜ ከመንገድ እንደገባ ሰው፣ ጉንጩን ደጋግማ ሳመችው።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለችው።

ጸጋው አለቀሰ።