የአንድ ሰዓት ጨለማ

አምፖሉን በጓንት ነካችው። ቀዝቃዛ ነው። ጓንቷን አውልቃ በባዶ እጇ ደገመችው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲበራ የዋለ አምፖል እጅ መላጥ ሲገባው ጭራሽ በረዶ ሆኗል። ማብሪያውን አጠፋች፣ አበራች፣ ደግማ አጠፋች። ምንም የለም።

ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ጠርቷል። ስትጀምረው ጥቁር ሊባል የቀረበ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን የሚጠጣ ይመስላል። ጎኑ ያለው ወረቀት ላይ በየሃያ ደቂቃው የጻፈቻቸው ቁጥሮች ተደርድረዋል፣ ቀለሙ ዘጠና አራት ከመቶ ጠፍቷል ይላሉ። በምን ብርሃን? የሙከራ ሳጥኑ ጨረሩ ዓይን እንዳይጎዳ ድፍን ተደርጎ የተሠራ ነው። ናሙናውን የምትቀዳው በቀጭን ቱቦ ከውጭ ስለሆነ፣ አምፖሉ መቼ እንደተቃጠለ፣ እንዲያውም ዛሬ በርቶ ያውቅ እንደሆነ አላየችም።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። በዚህ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆና አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች።

ውሃውን የሚያጠራውን ዱቄት የምታበስለው እሷ ነች። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ያው የግድግዳ ቀለም ውስጥ የሚገባው፣ ብርሃን ሲያርፍበት በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ያለውን ቀለም ይሰባብራል። ጥቁሩ ግራፊን፣ ከአንድ አቶም የማይወፍር የካርቦን ንጣፍ፣ ሥራውን ያፋጥንለታል ይባላል። ሁለቱን ውሃ ውስጥ ታዋህዳለች፣ ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ትከረችማለች፣ ምድጃ ውስጥ ታሳድራለች። በማግስቱ አጥባና አድርቃ ግራጫ ዱቄት ታወጣለች። በዚህ ዱቄት የዶክትሬት ጽሑፏን የምትሠራው ልጅ ሌላ ሰው ያበሰለውን አትነካም። "የእትዬ እጅ ያልገባበት አይሠራም" ትላለች።

ጥቁሩ ነገር ግን አመል አለው። ብርሃን ኖረም አልኖረም ቀለም ገላው ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ አምፖሉ ከመብራቱ በፊት ዱቄቱና ውሃው አንድ ሰዓት በጨለማ እየተማሰለ ይቆያል፤ የሚለጠፈው ተለጥፎ እንዲያልቅ። ከዚያ ወዲያ የሚጠፋው ቀለም ብቻ ነው በብርሃን ተሰባበረ የሚባለው። ይህን ደንብ ለልጅቷ ያስተማረቻት ራሷ ነበረች።

የጨለማውን ሰዓት መዝለል የጀመረችው አምና፣ አባቷ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ የያዙ ጊዜ ነው። ቀን ቀን የወንድሟ ሚስት ትጠብቃቸዋለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ግን ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትቆማለች። "የእኔም ቤት ቤት ነው" ትላለች፣ እውነቷን ነው። እናም ሰዓቱ መጀመሪያ ግማሽ ሆነ፣ ቀጥሎ አሥር ደቂቃ፣ በኋላ ምንም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም። መዝገቡ ላይ ግን ባማረው የእጅ ጽሑፏ "ጨለማ፦ ስልሳ ደቂቃ" እያለች ዓመቱን ጨረሰች። አንድም ቀን እንቅልፍ አልነሳትም፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ያምር ነበራ!

ተነሥታ ሌላ ብርጭቆ ሰማያዊ ውሃ ቀዳች፣ ዱቄቱን ጨመረችበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስትከፍተው ቀለሙ የለም። አልተሰባበረም፣ ዱቄቱ ውስጥ ተደብቋል። ዓመት ሙሉ ስታበስል የከረመችው ስፖንጅ ነው። ግራፊኑ በዝቶ ነበር፤ አምና ቢታወቅ በሁለት ሳምንት የሚቃና ስህተት። ልጅቷ ግን ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምታቀርበው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የዛሬው ሙከራም ከውጭ የተጋበዘው ፈታኝ "አንዴ ተደግሞ ውጤቱ ይላክልኝ" ብሎ ያዘዘው ነበር።

ደረጃውን ወጥታ የላብራቶሪው አለቃና የልጅቷ አማካሪ የሆነውን የዶክተሩን ቢሮ አንኳኳች።

"አምፖል ተቃጠለ ብለሽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?" አላት፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል።

"አምፖሉ አይደለም ዶክተር። ውሃው ያለ አምፖል ጠራ።"

አሁን ቀና አለ። "የጨለማውን ሰዓት ጠብቀሻል?"

"አልጠበቅሁም።"

"ዛሬ?"

"ከአምና ጀምሮ።"

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ይጮህብኛል ብላ ነበር የመጣችው፤ የሚጮህ ሰው ግን በር አይዘጋም።

"ስሚኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንቺ በሽተኛ ታስታምሚያለሽ። ልጅቷ አምስት ዓመት ለፍታለች። እኔ በዚህ ውጤት ሪፖርት ልኬአለሁ። አምፖሉን ቀይሪ፣ ድገሚው፣ የሚመጣውን ቁጥር ላኪ። በቃ።"

"ልጅቷ ውጭ አገር ሥራ አግኝታ የለ? እዚያ ስትሄድ መጀመሪያ የሚያስደርጓት ይህንኑ መድገም ነው። እነሱ ጨለማውን አይዘሉትም።"

"ያኔ ዱቄት እንደ አብሳዪው እጅ ነው ትላለች። ሂጂ አሁን።"

ደረጃውን ስትወርድ ለአፍታ ቀለል አላት። አለቃ አዝዞኛል፣ ምን አገባኝ የሚል ቀለል ማለት። ወዲያው በራሷ አፈረች።

ልጅቷ ታች ትጠብቃት ነበር፤ ገና ሙጫው ያልደረቀ ሦስት ጥራዝ ታቅፋለች።

"እትዬ፣ ደረሰልኝ! ይቺን ገጽ ያንብቡልኝ።"

የምስጋና ገጽ ነው። "ያለ እሷ ጥንቃቄ የዚህ ሥራ አንድም ቁጥር ባልታመነ ነበር" ይላል። አነበበችው። ከዚያ ጥራዙን ዘግታ ሁሉንም ነገረቻት፣ ከአባቷ ሕመም ጀምራ ቁም ሣጥን ውስጥ እስካለው ብርጭቆ ድረስ።

ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ብርጭቆውን ወደ መስኮት ብርሃን አንሥታ ስታይ ሳቋ ቆመ።

"አንድ ሰዓት እኮ ነው!" አለች። "ለምን አልነገሩኝም? መጽሐፌን ይዤ እዚህ እቀመጥልዎ ነበር። እርስዎ ወደ አባትዎ ይሄዳሉ፣ እኔ ጨለማውን እጠብቃለሁ። ምን ችግር ነበረው?"

ችግር አልነበረውም። መለመን ከመዋሸት ከብዷት ነበር፣ ሌላ ምክንያት የላትም። "አላሰብኩትም" አለች።

"አላሰቡትም! አባቴ ለዚያ ቀን ብሎ ሱፍ አሰፍቷል። በሕይወቱ የመጀመሪያው ሱፍ ነው። ምን ብዬ ነው የምነግረው?"

"ለፈታኞቹ አሁን ከተናገርሽ ጊዜ ይሰጡሻል፣ የኔ ልጅ። ግራፊኑን ቀንሰን..."

"አሁን! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።" ጥራዞቹን እንደገና አቀፈቻቸው። ስትናገር ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር። "ዶክተሩ ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ። ድገሚው ነው ያሉት።"

"እንግዲያው ይድገሙት። እኔ ዛሬ እዚህ አልመጣሁም። ምንም አልነገሩኝም። ዓመት ሙሉ ሳይነግሩኝ ኖረው የለ? አራት ቀን ይከብድዎታል?"

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

አዲሱ አምፖል መደርደሪያው ላይ ካርቶኑ ውስጥ አለ። መግጠም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የልጅቷ ለቅሶ ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማታል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ዋሽታ የጎዳቻትን ልጅ አሁን ደግሞ እውነት ተናግራ ልትጎዳት ነው፣ ያውም አትናገሪ ተብላ ተለምና። ዝም ብትል ልጅቷ ዛሬ ታቅፋት ይሆናል። ነገ፣ ማንም በማያውቃት አገር፣ አንዱ ሰው ብርጭቆ ጨለማ ውስጥ ሲያስቀምጥ ግን ብቻዋን ነች፣ አጭበርባሪ የሚባለውም የእሷ ስም ነው።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ለፈታኙ የሚላከውን ቅጽ ከፈተች፤ በሁለት ጣት ቀስ እያለች ሞላችው።

"ጨለማ፦ አልተጠበቀም። ብርሃን፦ አልበራም። የጠፋ ቀለም፦ ዘጠና አራት ከመቶ። ያለፈውም ዓመት ሙከራ ጨለማው ሳይጠበቅ የተሠራ ነው፤ ተማሪዋ አታውቅም ነበር።"

የሠራተኛው ስም በሚለው ላይ የራሷን ከነአባቷ ጻፈች። ግልባጭ የሚል ባዶ መስመር ቀርቷል። የዶክተሩን አስገባች። የልጅቷን አድራሻ ሞልታ አጠፋችው፣ ጥቂት ቆይታ መልሳ ጻፈችውና ላከችው።