የለሳኙ ልጅ አፍንጫ

ለሳኙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ግድግዳ ይለስናል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይተኛል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጁ ግን ሌላ ነበረች። ሁሉ ነገር ይሸታታል፤ የሸተታትን ደግሞ አፏ አይችለውም። አክስቷ አዲስ ኮት ለብሳ ብትመጣ፣ "ሌላ ሰው ለብሶታል" አለቻት። እውነት ነበር። አክስቷ ለአንድ ወር ደጃፋቸውን አልረገጠችም። ለሳኙ በዚህ ያን ያህል አላዘነም።

ጣጣው የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ እንግዶች ተቀብለው ሳሉ ገብታ፣ "ጋሼ፣ ከመደርደሪያው ኋላ አይጥ ሞቷል" አለች። አባት ተጠራ።

"አይጡ ተገኘ?" አለ ለሳኙ።

"ተገኝቷል። ነገሩ ግን እሱ አይደለም" አሉ ርዕሰ መምህሩ። "ነገሩ ሥነ ሥርዓት ነው።"

ለሳኙ ነገሩ በደንብ ባይገባውም ልጁን ቃል አስገባት፦ ከእንግዲህ የሸተታትን ለማንም አትናገርም። በዚያ ላይ ሦስት ቀን ታገደች። እናቷ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለነበረች ቀን ቤት የሚውል ሰው የለም፤ ይዟት ሥራ ሄደ።

ሥራው የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ነበር። ሰኞ ይከፈታል። ልስኑ አልቋል፣ ቀለሙ ተቀብቷል፤ የቀረው ጥጋጥጉን ማስተካከል ብቻ ነው። ለሳኙ የቀለም ባልዲ ገልብጦ አስቀመጣት፣ ደብተሯንም ሰጣት።

ዝም ብላ ዋለች። ዝምታዋ ሊያስደስተው ሲገባ ከበደው። ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ አንደኛው ግድግዳ ጋ ስትደርስ ራቅ ብላ ዞራ ታልፋለች፤ እዚያ ሰው የተኛ ይመስል። ስትመለስም እንደዚያው። በሦስተኛው ጊዜ ለሳኙ የልስን ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እዚያ ምን አለ?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ለምን ትዞሪያለሽ?"

"ቃል ገብቻለሁ፣ አባዬ።"

ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው። ደረቅ ነው። በሕይወቱ ከለሰናቸው ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነበር፤ ሁለት ጊዜ በቱንቢ አይቶታል፣ ሁለተኛውን ለደስታው ሲል።

"ቃሉን ያስገባሁሽ እኔ ነኝ፤ እኔው አንስቼዋለሁ። ንገሪኝ።"

"ታሟል።"

"ማን?"

"ግድግዳው። ውስጡ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይላል።"

እቃ ማጠቢያውን ይገጥም የነበረው ቧንቧ ሠሪ ሳቁን ለቀቀው። "ኧረ ባክህ! ውስጡ ያለውን ቧንቧ በገዛ እጄ ነው ያጠበቅኩት። በሕፃን አፍንጫ ግድግዳ ሊፈርስ ነው? እኔም ልጅ አለኝ፤ በእሱ ጆሮ ጣሪያ ላፍርስ?"

"ልጅህ ምን ይሰማል?"

"ምንም አይሰማም። ስጠራውማ ጭራሽ።"

ሳቁን ሰምቶ ሥራውን የሚያሠራው ፎርማን መጣ። ነገሩ ሲነገረው አልሳቀም። "ያንን ግድግዳ ብትነካው ከእኔ ጋር ሁለተኛ አትሠራም" አለ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር።

ለሳኙ ልጁን አያት። ደብተሯን አቅፋ ጫማዋን ታያለች። "ተይው፣ ተቀመጪ" ቢላት ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ግን ለእሱም ቢሆን ምንም አትነግረውም፤ ይህ ግልጽ ሆኖ ታየው። መዶሻና መሮውን አነሳ።

"የቱ ጋ ነው?"

በጣቷ አሳየችው። መታው። ውስጡ እንደ ብስኩት ደረቅ ነበር።

"እግዜር ይማርህ" አለው ቧንቧ ሠሪው።

"ይበቃል፣ አባዬ" አለች ልጅቷ።

"በቃ አላልኩም። አሽትቺ።"

ተንበርክካ አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ ሄደች፤ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብላ ቆመች። እዚያ መታው። መሮው ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ፤ ተከትሎም ውሃ ኩል ኩል አለ። ቧንቧ ሠሪው መፍቻውን ይዞ ቀረበ፣ መጋጠሚያውን ብዙ አየውና፣ "የፋብሪካው ጥፋት ነው" አለ።

ፎርማኑ አላመሰገነም። ክሊኒኩ በሳምንት ዘግይቶ ተከፈተ፤ እሱም እንዳለው ሁለት ወር ሙሉ አልደወለም።

ለሳኙ በእነዚያ ወራት ትንንሽ ሥራ ይለቃቅማል፣ ከሥራ ሲመለስ ልጁን ያስተምራል። ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ ጂፕሰም፣ የዛገ ሚስማር፣ ሻጋታ የያዘ እንጨት በየኩባያው አድርጎ ዓይኗን በፎጣ ያስራል። "'ታሟል' አይበቃም" ይላታል። "በሽታው ስም አለው።"

"ሰው ልጁን ያስጠናል" ትላለች እናት፣ "አንተ ኖራ ታስሸትታለህ።"

"ይኸው እያስጠናኋት ነው።"

በሦስተኛው ወር ፎርማኑ እጁን ኪሱ ከቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ልጅቷ አለች?"

"ትምህርት ቤት ናት።"

"አንድ ሕንፃ አለ፤ ውስጥ ውስጡን ውሃ ያፈሳል። አምስት ቦታ ሰበርን፣ ምንም የለም።"

"ቅዳሜ" አለ ለሳኙ።

"ዛሬ አይሆንም?"

"ዛሬ የሒሳብ ፈተና አላት። ቅዳሜ፣ ቁርሷን በልታ። ያለችህን ደግሞ ሳትስቅ ትሰማለህ፣ ያለችህ ቦታ ትሰብራለህ። የመጀመሪያው ደረቅ ቢሆንም።"

ፎርማኑ እጁን ከኪሱ አወጣ።

"ቁርሷን ስንት ሰዓት ነው የምትበላው?" አለ።